ወደ ግራ የሚጎትተው ትራስ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ዳር ባለ የተኩስ ክለብ መለማመጃ ሜዳ፤ ለክለቡ ዕቃ የሚገመግመው ተኳሽ ጥላዬ ጠመንጃውን ተልባ በተሞላ ትራስ ላይ አስደግፎ በደረቱ ተኝቷል፤ ትራሱን የሰፋችው ኮርቻ ሰፊዋ አስካለ በግራው በኩል ባሕር ዛፍ ሥር ወገቧን ይዛ ቆማለች።

ጥላዬ፦ ይጎትታል አልኩሽ እኮ።

አስካለ፦ ተልባ ነው የሚጎትተው?

ጥላዬ፦ ትራሱ። ሦስት ጥይት ተኮስኩ፣ ሦስቱም ከክቡ በስተግራ ነው ያረፉት። ወደ ግራ ይጎትታል።

አስካለ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አለ ያገሬ ሰው።

ጥላዬ፦ አህያው እኔ መሆኔ ነው?

አስካለ፦ እኔ ስም አልጠራሁም። አንተው ነህ አቤት ያልከው።

ጥላዬ፦ ስሚኝ አስካለ፣ ይሄ የሶፋ ትራስ አይደለም። ውድድሩ ላይ ሰው ከአጥር ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ ድንጋይ እየሮጠ ጠመንጃውን እዚህ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ጊዜው ደግሞ ለማዛጋት እንኳ አይበቃም። ተኳሹ ትራሱን ካላመነው እጁ ቃታ አይስብም።

አስካለ፦ ይሄን ስብከት ስሰማ አምስተኛዬ ነው፤ አሁንማ እኔም ልሰብከው እችላለሁ። በል መልስልኝ፤ አጥሩ ላይ ስታደርገው ተንሸራተተ?

ጥላዬ፦ አልተንሸራተተም።

አስካለ፦ ጎማው ላይስ?

ጥላዬ፦ እንደ ድመት ተኛ።

አስካለ፦ ድንጋዩ ላይ?

ጥላዬ፦ የድንጋዩን ጉብታ ሁሉ ዋጥ አድርጎ ያዘው። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ አያያዝ አላየሁም።

አስካለ፦ ከሰደፉ ሥር ከተህ ጨመቅ ስታደርገው ከፍ፣ ለቀቅ ስታደርገው ዝቅ አላለልህም?

ጥላዬ፦ አለ። በልኬ አለ።

አስካለ፦ ከበደህ?

ጥላዬ፦ ምኑ ይከብዳል።

አስካለ፦ ታዲያ ምን ጎደለው?

ጥላዬ፦ ይጎትታል።

አስካለ፦ እሰይ። ዞረን ዞረን እዚያው።

ጥላዬ፦ ምን ላድርግ? ገምጋሚ ነኝ፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ወረቀቱ ላይ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ነው የሚለው፣ «አስካለ ተቆጣች» የሚል ቦታ የለውም።

አስካለ፦ መኪናው ወረቀቱን ሊወስድ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ዛሬ ካላለፈ ክለቡ ለተኳሾቹ ሁሉ የውጭውን ያስመጣል። ታውቃለህ አይደል?

ጥላዬ፦ አንድ ሳምንት ታገሱኝ እላቸዋለሁ። አንቺ ደርዙን ፈትተሽ እንደገና ትሰፊዋለሽ። እኔም እንደ ልማዴ ሮብ ሮብ ሱቅሽ ብቅ እያልኩ አያለሁ። ምን ያስቸኩለናል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አስካለ፦ ሮብ ብቅ ብትል ሱቁን ዝግ ነው የምታገኘው።

ጥላዬ፦ ለምን? በዓል ነው?

አስካለ፦ ሰኞ አዳማ እሄዳለሁ። ወንድሜ እዚያ ሶፋ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሥራ አግኝቶልኛል።

ጥላዬ፦ ልትጠይቂው ነው? ደርሰሽ ልትመለሺ?

አስካለ፦ ልኖር። ይኸው ትኬቱ፣ ከተቆረጠ ሦስት ቀኑ ነው።

ጥላዬ፦ አዳማ እኮ ይሞቃል።

አስካለ፦ እዚህ ሲበርደን ኖርን፣ እዚያ እንሙቅ እንጂ።

ጥላዬ፦ ወባም አለ ይባላል።

አስካለ፦ መርፌ ይዤ አይደል የምሄደው፣ አጎበር እሰፋለሁ።

ጥላዬ፦ የአባትሽን ሱቅ ዘግተሽ? እንዲያ ያለ ወስፌ፣ እንዲያ ያለ እጅ?

አስካለ፦ ለማን ልስፋ ጥላዬ? ይጋልብ የነበረው ሁሉ ባጃጅ ላይ ወጣ። ባለፈው ዓመት ሙሉ አንድ ኮርቻ ነው የሰፋሁት፣ እሱንም ገዢው ወስዶ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ይሄ ትራስ ካለፈ ሱቄ ይኖራል፤ ከወደቀ እሳፈራለሁ። ሌላ የለኝም።

ጥላዬ፦ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምነው አልነገርሽኝ?

አስካለ፦ አንተ የምትጠይቀኝ ስለ ደርዝ ነው። በክር ውፍረት ስንከራከር ስለ ሆዴ የት አግኝቼ ልንገርህ።

ጥላዬ፦ ወረቀቱን አቀብዪኝ።

አስካለ፦ ምን ልታደርገው?

ጥላዬ፦ ልፈርም። አለፈ።

አስካለ፦ አሁን ይጎትታል አላልክም?

ጥላዬ፦ ትንሽ ነው የሚጎትተው። የማይጎትት ነገር የት አለ? ንፋስም ይጎትታል።

አስካለ፦ እጅህን ከወረቀቱ ላይ አንሳ። እኔ ምጽዋት አልሰፋሁም። ነገ አንዱ ተኳሽ በኔ ትራስ ላይ ተኝቶ ቢስት የሚጠራው ያንተ ስም አይደለም፣ የአባቴ ነው። ካለፈ በእውነት ይለፍ፣ ከወደቀም በእውነት ይውደቅ።

ጥላዬ፦ ጉድ እኮ ነው። ስጥለው ትቆጪያለሽ፣ ሳሳልፈው ትቆጪያለሽ።

አስካለ፦ ደብተርህን አምጣ።

ጥላዬ፦ የቱን ደብተር?

አስካለ፦ ከደረት ኪስህ የማይወጣውን። ግምገማ የምትጽፍበትን።

ጥላዬ፦ እሱ የሥራ ምስጢር ነው።

አስካለ፦ የትራስ ምስጢር ከሰፊው አይደበቅም። አምጣው። እሰይ። «አንደኛ ግምገማ። ሙሌት፦ አሸዋ። ጉድለት፦ ለብቻው አህያ ይፈልጋል። የጥይት አመታት፦ ወደ ግራ ይጎትታል። ውጤት፦ ወደቀ።»

ጥላዬ፦ ዋሸሁ? ትከሻዬን ሳምንት ሲያመኝ አልሰነበተም?

አስካለ፦ «ሁለተኛ ግምገማ። ሙሌት፦ ጤፍ። ጉድለት፦ በስፌቱ ያፈሳል፤ ገምጋሚው ከአጥሩ ወደ ጎማው ሲሮጥ የዘበኛው ዶሮዎች ተከትለውታል።»

ጥላዬ፦ አምስት ዶሮ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ያኔ ነው የገባኝ።

አስካለ፦ አውራው ጀርባህ ላይ ወጣብህ እኮ።

ጥላዬ፦ ቃታ ልስብ ስል ነው የጮኸው። ዘበኛው ጋሽ ማንያዘዋል ደግሞ ዶሮዎቼን እንዳታስደነግጥብኝ ብለው እኔኑ ተቆጡኝ። አንቺማ ባሕር ዛፉን አቅፈሽ በሳቅ ልትወድቂ ነበር፤ ነጠላሽም መሬት ነክቷል።

አስካለ፦ አየኸኝ?

ጥላዬ፦ አላይሽም እንዴ?

አስካለ፦ እያነጣጠርክ አልነበረም?

ጥላዬ፦ እያነጣጠርኩ ነበር።

አስካለ፦ ሰው ሲያነጣጥር አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ባንዱ መነጽሩን ያያል። ነጠላዬን በየትኛው ዓይንህ አየኸው?

ጥላዬ፦ ገጹን አትገልጪውም? መኪናው ይደርሳል።

አስካለ፦ ቆይ፣ ቆይ። አመታት፦ «ወደ ግራ ይጎትታል» ይላል። ባሕር ዛፉ በግራህ ነው። እህ። ሦስተኛውን እንይ። «ሙሌት፦ ሽምብራ። ጉድለት፦ ይንኳኳል፤ ገምጋሚውን ቆሎ አማረው። አመታት፦ ወደ ቀኝ ይጎትታል።» ወደ ቀኝ?

ጥላዬ፦ ሽምብራ ነዋ። ሽምብራ ጠባዩ አይታወቅም።

አስካለ፦ ያን ለት ዝናብ ጣለ። እኔ የት ነበርኩ?

ጥላዬ፦ እኔ ምን አውቄ።

አስካለ፦ እነግርሃለሁ። ከጋሽ ማንያዘዋል ቤት ጣሪያ ሥር ተጠልዬ ነበር። በየት በኩል ነው ቤታቸው?

ጥላዬ፦ ቤት እኮ አንዳንዴ…

አስካለ፦ በየት በኩል?

ጥላዬ፦ በቀኝ።

አስካለ፦ አራተኛውንም ስማው። ተልባ የሞላሁት ጊዜ ነው፤ ተልባው በሕልሜ መጣልኝ ብዬህ አልነበር? ያን ሳምንት ጉንፋን ጥሎኝ ትራሱን በጋሽ ማንያዘዋል እጅ ላክሁልህ። «ሙሌት፦ ተልባ። ተኩስ፦ አሥር። አመታት፦ አሥሩም መሃል።»

ጥላዬ፦ በቃ፣ ደብተሩን ስጪኝ።

አስካለ፦ «አሥሩም መሃል። ውጤት፦ ወደቀ።» አሥሩም መሃል ገብቶ ወደቀ?

ጥላዬ፦ ምክንያቱ ተጽፏል።

አስካለ፦ ተጽፏል፣ እያነበብኩት ነው። «ሰፊዋ ራሷ ስላልተገኘች ግምገማው አልተሟላም። ማንገቻውም አንድ ጣት ያጥራል።» ጥላዬ፣ ማንገቻ ጥይት ይመልሳል?

ጥላዬ፦ ዝም አይነቅዝም።

አስካለ፦ አንተ ዝም ብትልም ደብተሩ ተናገረ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ። በል ጠመንጃህን ያዝ።

ጥላዬ፦ ምን ልታደርጊ ነው?

አስካለ፦ ልገመግም። ዛሬ ገምጋሚዋ እኔ ነኝ፣ የሚገመገመው ደግሞ ትራሱ አይደለም። ይኸው ወደ ቀኝህ ተሻገርኩ። ተኩስ።

ጥላዬ፦ በእንዲህ ያለ ሁኔታ…

አስካለ፦ ተኩስ አልኩህ።

ጥላዬ፦ ተኮስኩ። ጆሮሽን አልያዝሽም?

አስካለ፦ እሱ አያገባህም። ሰው ሲተኩስ የሰው ጆሮ ያያል? የርቀት መነጽሩን አቀብለኝ። አ-ሃ።

ጥላዬ፦ የት ነው?

አስካለ፦ በቀኝ። አንድ ስንዝር ከክቡ ወጥቷል። እንግዲህ ከዒላማው ኋላ ብቆም ነው መሃሉን የምትመታው።

ጥላዬ፦ ክፉ አያናግርሽ። በመሣሪያ አይቀለድም።

አስካለ፦ እሺ፣ ይሄን ቀልድ አነሳሁት።

ጥላዬ፦ ከኋላዬ ቁሚና ልሞክር። ካላየሁሽ…

አስካለ፦ ከኋላህ ብቆም ዞረህ ልታየኝ ነው፤ እኔ ገና መኖር እፈልጋለሁ። ቆይ፣ ከዚህ ጆንያዬ ውስጥ አንድ ነገር ነበር። ይኸው።

ጥላዬ፦ ምንድን ነው ይሄ?

አስካለ፦ የዓይን መከለያ። የጋሪ ፈረስ ግራ ቀኝ እያየ እንዳይደነብር ይደረግለታል። ያዘዘኝ ባለጋሪ ባጃጅ ገዛና ሳይወስደው ቀረ።

ጥላዬ፦ እኔ አልደነብርም።

አስካለ፦ አትደነብርም፤ በዓይንህ ትሰርቃለህ። ራስህን ዝቅ አድርግ።

ጥላዬ፦ አስካለ፣ በእመብርሃን፣ ጋሽ ማንያዘዋል እያዩን ነው።

አስካለ፦ ይዩ። አውራ ዶሮ ሲጋልብህ ያየ ሰው በዚህ አይገረምም። አገጭህን ቀና አድርግ። ጠበቀህ?

ጥላዬ፦ የፈረስ ላብ ይሸታል።

አስካለ፦ ገና ፈረስ ያልነካው አዲስ ቆዳ ነው። አንተ ነህ የምትሸተው። ምን ይታይሃል?

ጥላዬ፦ ዒላማው።

አስካለ፦ ሌላስ?

ጥላዬ፦ ምንም። ሜዳው ሁሉ ጠፋ። ቀፍፎኛል።

አስካለ፦ ጠመንጃውን ባዶ አድርግና አሳየኝ። እሺ። ዒላማውን ቀይሬ መጣሁ፤ እስክመለስ ተነስተህ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።

ጥላዬ፦ ከተትኩ። ምነው ይሄን ያህል ቆየሽ? ምንድን ነው የለጠፍሽው? ክቡ የት ሄደ?

አስካለ፦ ክቡን ገነጠልኩት። ተመልሼ ከኋላህ ቆሜያለሁ። አሁን ተኛና በመነጽርህ እይ።

ጥላዬ፦ ወረቀት ነው። ጽሑፍ አለው። አስካለ፣ ይሄ እኮ ትኬትሽ ነው።

አስካለ፦ ነው።

ጥላዬ፦ ምን ማለትሽ ነው?

አስካለ፦ ብትስተው ትኬቱ ደህና ነው፤ ትራሱም እውነትም ይጎትታል ማለት ነው። ሰኞ እሳፈራለሁ፣ አልቀየምህም። ብትመታው በተበሳ ትኬት ማንም አያሳፍረኝም።

ጥላዬ፦ ከሱ ሌላ ወረቀት የለም? ጥይት እኮ አንድ ነው የቀረኝ።

አስካለ፦ እኔም ያለኝ ትኬት አንድ ነው።

ጥላዬ፦ ልቤ እየመታ ነው። ጠመንጃው ከልቤ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

አስካለ፦ ትራሱን ጨመቅ አድርገው። ተልባ የሆነው ለዚሁ ነው፤ ይንሸራሸርና የሰውየውን መርበትበት ይውጥለታል። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ።

ጥላዬ፦ እንዲህ ስትዪ ያስቀኛል። ስስቅ ደግሞ ይነቃነቃል።

አስካለ፦ ሳቅህን ጨርስ። እጠብቃለሁ። ጨረስክ?

ጥላዬ፦ ጨረስኩ። አስካለ?

አስካለ፦ አቤት።

ጥላዬ፦ ከኋላዬ አለሽ?

አስካለ፦ አለሁ። የትም አልሄድኩም። በል ተንፍስ። አውጣው። እኩሌታው ላይ ያዘው።

ጥላዬ፦ ተኮስኩ።

አስካለ፦ ሰማሁ።

ጥላዬ፦ ምን ትያለሽ? ይሄን መከለያ ልፍታው?

አስካለ፦ እንዳትነካው። መነጽሩን እያስተካከልኩ ነው።

ጥላዬ፦ ስቻለሁ አይደል? አውቄዋለሁ። ገና ስስብ አውቄዋለሁ። ሰኞ ስንት ሰዓት ነው መኪናው? ሻንጣሽን እኔ ነኝ የምሸከመው፣ ማንም እንዳይነካው።

አስካለ፦ «ከደብረ ብርሃን ወደ» ይላል።

ጥላዬ፦ ወደ ምን?

አስካለ፦ አይነበብም። ወደ የት እንደሆነ ቀዳዳው በልቶታል።

ጥላዬ፦ አስካለ፣ በኔ አትቀልጂ።

አስካለ፦ ፍታውና ራስህ እይ። እንዳልቀለድኩ ታውቃለህ።

ጥላዬ፦ አዳማን መትቻታለሁ። ከነስሟ ነቅያታለሁ። ጋሽ ማንያዘዋል፣ አዩልኝ?

አስካለ፦ አትጩህ፣ ዶሮዎቹ ተሰበሰቡ። ለነሱ ጤፍ የመጣ መስሏቸዋል።

ጥላዬ፦ ይብሉ። ዛሬ ሁሉም ይብላ። ወረቀቱን ስጪኝ፣ ይኸው፤ «ውጤት፦ አለፈ።» አሁንስ ምጽዋት ነው?

አስካለ፦ አይደለም። አሁን ሐቄ ነው። ስትተኩስ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም ነበር።

ጥላዬ፦ እዚያው ትራሱ ላይ ተደገፊ፣ ፍርሃቱን ይውጥልሻል።

አስካለ፦ ከታች «ቀድሞ ለታየው ጉድለት ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ባዶ ከላክኸው ይመልሱታል።

ጥላዬ፦ አልረሳሁትም። እየጻፍኩ ነው።

አስካለ፦ ምን ጻፍክ? አንብብልኝ።

ጥላዬ፦ «ጉድለቱ የትራሱ አይደለም፣ የገምጋሚው ነው። ገምጋሚው ዒላማውን ትቶ ትራሱን የሰፋችውን ሴት ሲያይ ከርሟል። የዓይን መከለያ ሲደረግለት አገግሟል።» ፊርማ።

አስካለ፦ ይሄን ልትልከው ነው? የክለቡ ሰብሳቢ የሚያነቡት ነው እኮ። አገር ይስቅብሃል።

ጥላዬ፦ ይሳቅ። ሰብሳቢው አንብበው ሲጨርሱ ሁለት ሰው ይዘው እሑድ እናትሽ ቤት እንዲሄዱልኝ እለምናቸዋለሁ። ሽማግሌ ጉዳዩን አውቆ ሲሄድ ነው ደስ የሚለው፣ ይኸው በጽሑፍ ሰጠኋቸው። ትራሱ አለፈ። ከእንግዲህ ምን ሰበብ አለኝ? እውነቱን ልናገር እንጂ።

አስካለ፦ እናቴ ለሽማግሌ ባንድ ቀን መልስ አትሰጥም። ታመላልሳቸዋለች።

ጥላዬ፦ ታመላልሳቸው። እኔ አምስቴ ተመላልሼ ምን ሆንኩ? አንቺስ?

አስካለ፦ እኔ ምን?

ጥላዬ፦ እናትሽ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?

አስካለ፦ እሑድ ሲደርስ ትሰማዋለህ። ዝም አይነቅዝም ያልከው አንተ አይደለህ? ሂድ፣ የመኪናው ጥሩንባ ተነፋ። ወረቀቱን ስጣቸው።

ጥላዬ፦ እየሄድኩ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

አስካለ፦ ደግሞ ምን ጎደለው?

ጥላዬ፦ አንቺ ከአያትሽ ጀምሮ የኮርቻ ሰፊ ዘር ነሽ። አሸዋ እንደሚከብድ፣ ጤፍ በስፌት እንደሚያፈስ፣ ሽምብራ እንደሚንኳኳ ሕፃን ያውቀዋል። ተልባው እንዴት እስከ አራተኛው ጊዜ ድረስ ጠፋሽ?

አስካለ፦ መች ጠፋኝ። ጀርባው ለተላጠ በቅሎ ተልባ መሙላትን አባቴ ያስተማረኝ በሰባት ዓመቴ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይዤልህ ብመጣ ግን በመጀመሪያው ቀን ትፈርም ነበር።